ለወፍ ቄስ የጠራሁበት ዓርብ

አዎ ጠራሁ። ለወፍ ቄስ ጠራሁ። እና ምን ይሁን?

አሸር፣ መጀመሪያ አንተን ነው። ማህሳኑ፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ ካርቶን እየደረደርክ "ይሄ ልጅ ተረት ይፈጥራል" ስትል ሰምቻለሁ። "ቄስ የሚያህል ሰው፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ልትገባ ስትል፣ ሦስት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ የወፍ ነገር ሊዳኝ?" ብለሃል። ብለሃል፣ አትካድ። የቀራችሁትም ስቃችኋል። እሽ፣ ሳቁ። ሲበቃችሁ ዝም በሉና ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው አምና ከፋሲካ በኋላ ነው። እስካሁን ከራሴ ያልወጣው ለምንድን ነው ብትሉኝ፣ ወፍ ላረባ ጀምሬ ስለ ገዛ አባቴ የማላውቀውን ነገር ስለሰማሁ ነው። ያውም ከግማሽ ሕንፃ ሰው ጋር ቆሜ።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ቤቱ በሰላም ተለያየን። እጄ ግን ያውቃል። እዚህ ናታንያ፣ ፖሌግ፣ የኢንዱስትሪ ዞኑ ውስጥ፣ ማልጌዛ ነው የምነዳው፤ ያ ከፊቱ ሁለት ሹካ ያለው ዕቃ ማንሻ። ከእኔ በላይ የሚነዳ ካለ ይምጣና እንተያይ። እንቁላል የተጫነ ፓሌት አምስተኛ መደርደሪያ ላይ ሰቅዬ አንድም አልሰበርኩም። ስለዚህ እኔና እንቁላል ድሮም እንተዋወቃለን።

ወፎቹን ያገኘሁት ጎረቤት ከተማ፣ ክፋር ዮና ነው። ቦሪስ የሚባል ሽማግሌ አለ፣ ከሩሲያ የመጣ። ፍሪጅ ላደርስለት ሄጄ ጓሮው ሙሉ ወፍ ሆኖ አየሁት። ከሁሉም ዓይኔን የያዙት ፊንች የሚባሉት ናቸው። ከድንቢጥ ያንሳሉ። ወንዱ ጉንጩ ብርቱካን፣ ምንቃሩ ቀይ፣ ደረቱ ላይ የሜዳ አህያ መስመር አለው። ሴቷ ግራጫ ናት፣ ጨዋ። ድምፃቸው የሕፃን መጫወቻ በእግር ስትረግጡ የሚወጣው ዓይነት ነው።

"ጥንድ ስጠኝ" አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ለማየት ነው ለማርባት?"

"ለማርባት።"

"ታውቅበታለህ?"

"እንዴ! እኛ ቤት ከብት ሲረባ ነው የኖረው" አልኩት። እኔ ላም በቅርብ ያየሁት ኤቨን የሁዳ መንገድ ላይ ነው፣ እሱንም በመኪና መስኮት።

ቦሪስ ግን ደህና ሰው ነው፣ ቁጭ አድርጎ ነገረኝ። ማርቢያው ቤት ረጅም ይሁን እንጂ ከፍ ያለ አይሁን፣ እነሱ የሚበሩት ወደ ጎን ነው አለኝ። ጎጆውን ከላይ ጥጉ ላይ እሰር። ደረቅ ሣር ስጣቸው፣ ክር አትስጣቸው፣ እግራቸውን ይተበትባቸዋል። ነፋስ አያግኛቸው። እንቁላል ሲመጣ እጅህን ሰብስብ። ይሄን ሁሉ ሲለኝ "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" እላለሁ። ምንም አላውቅም ነበር።

ቤቱን ራሴ ሠራሁት። ማህሳኑ ውስጥ ከተጣለ ፓሌት እንጨቱን አወጣሁ፣ አሸሁት፣ ሽቦውን ወጠርኩ። ርዝመቱ አንድ ሜትር። መቆሚያዎቹን ከዛፍ ቅርንጫፍ አደረግኩ፣ አንዱ ወፈር ሌላው ቀጠን ያለ፣ እግራቸው እንዳይደክም። የኛ ሚርፔሴት፣ በረንዳችን፣ ወደ ባሕር ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ልብስ ከነማስጫው ይወስዳል፤ ስለዚህ የወፎቹን ቤት ጀርባውንና አንድ ጎኑን በጣውላ ዘጋሁት። የመታጠቢያ ሳህን፣ የውሃ ዕቃ፣ ምንቃር መሳያ ነጭ አጥንት። ጎጆው ከስንደዶ የተሠራ ትንሽ ቅርጫት፣ ጡጫ የምታህል። ስጨርስ ራቅ ብዬ አየሁት። እኔ ራሴ ወፍ ብሆን እገባበት ነበር።

አሁን ስለ እምዬ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና። እምዬ አስካለ የአባቴ እናት ናት። አባባ ታረቀኝ፣ ባሏ፣ ካረፉ በኋላ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ እሷ ቤት ነው የምኖረው። እኔ እሷን እጠብቃለሁ። እሷ ደግሞ እኔን የምትጠብቅ ይመስላታል።

ወፎቹን ሳመጣ "ይሄ ምኑ ነው? አይበላ፣ አይታለብ" አለች። ምግባቸውን አየችና "ዳጉሳ! ለወፍ ዳጉሳ?" ብላ ራሷን ያዘች። በሳምንቱ ግን ወንበሯ ከሳሎን ወጥቶ ወፎቹ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ስጠይቃት "ለፀሐዩ ነው" አለችኝ።

ብዙም አልቆየ፣ እንቁላል መጣ። በየጠዋቱ አንድ፣ በየጠዋቱ አንድ፣ አምስት ሆነ። ከባቄላ ትንሽ የሚበልጥ፣ ነጭ። አሸር አስታውስ፣ ማህሳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ "አምስት ጫጩት!" ብዬ የጮኽኩት ያን ቀን ነው። ካልተፈለፈሉ ሹሩባዬን እላጫለሁ አልኩ። አባቴም ሰማ። ደወለና "አንተ የጀመርከውን ጨርሰህ ታውቃለህ?" አለኝ። ሁልጊዜ ነው እንደዚህ የሚለኝ። ትምህርቱን፣ ኮርሱን፣ የመኪና መንጃ ፈቃዱን ይቆጥርልኛል። "ይሄን ታየዋለህ" አልኩት። ስለዚህ ወፎቹ ለእኔ ጨዋታ አልነበሩም።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ መጣሁ። ሴቷ ጎጆዋ ውስጥ ናት። ወንዱ የለም።

አመለጠ ብዬ ከበረንዳው ታች አየሁ፣ መጋረጃው ውስጥ ፈለግኩ። በኋላ ድምፁ ከወዲያ በኩል መጣ። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ፣ ከቦሪስ ያመጣሁባት ትንሿ ሳጥን ውስጥ፣ ምግብና ውሃ ቀርቦለት ቁጭ ብሏል።

"እምዬ፣ ይሄ ምን አጥፍቶ ታሰረ?"

"ምንም አላጠፋ። አራስ ናትኮ። ካራስ ጋር ወንድ ምን ይሠራል?"

"ገና አልፈለፈለችም እኮ።"

"እንቁላሉን ማን ወለደው ታዲያ? አንተ ነህ?"

ተመልሼ ወደ በረንዳው ሄድኩ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከአበባ ማሰሮው ጠጠር ለቅማ፣ የወፎቹ ቤት የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ዙሪያውን ከባዋለች። አንዱ ጠጠር አጠገብ ትንሽ ሳህን ላይ ዘር አስቀምጣለች።

እንደ እኔ እዚህ ለተወለደ ልንገር። ጎንደር፣ የኛ የአይሁዶቹ መንደር ውስጥ፣ ሴት ስትወልድ ከቤት ወጥታ የአራስ ጎጆ ትገባለች። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ። ጎጆው ዙሪያውን በድንጋይ ይከበባል፤ ምግቧን ድንጋዩ ጋ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ባል አይገባም። እምዬ ይሄን ሕግ በልቧ ይዛ ነው እዚህ የመጣችው። እዚህ ጎጆ የለም። እና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለወፏ ሠራችላት።

እውነቱን ልናገር? ልክ ናት ብዬ ተቀበልኩ። አውራ ዶሮስ መቼ ይታቀፋል? እንዲያውም ኮራሁ። ለቦሪስ የማስተምረው ነገር አገኘሁ አልኩ።

ዓርብ ሥራ የለኝም። ጠዋት ስነሳ ሴቷ ከጎጆው ወጥታ ሽቦው ላይ ተለጥፋለች፣ ትጣራለች። ከወዲያ ወንዱ ይመልስላታል። ትገባለች፣ ትንሽ ትቀመጣለች፣ ሲጣራ ትወጣለች። እህል አልቀመሰችም። እስከ ከሰዓት ድረስ አየኋት። ስትወጣ ጠብቄ በጣቴ ጫፍ አንዱን እንቁላል ነካሁት። ቀዝቅዟል።

እኔም ለቦሪስ ደወልኩ። ስለፈራሁ አይደለም፣ ላስተምረው ነው። "ቦሪስ፣ እኛ ዘንድ ስትወልድ ወንዱን እንለያለን" ብዬ ስነግረው በሩሲያኛ ብዙ ተናገረ። ሩሲያኛ አልችልም፣ ግን ገባኝ። ከዚያ በዕብራይስጥ መጣ።

"በተራ ነው የሚቀመጡት! እሱ ሲያቅፍ እሷ ትበላለች፣ እሷ ስታቅፍ እሱ ይበላል። ብቻዋን አትችልም፣ ገና ልጅ ናት። መቼ ለየኸው?"

"ትናንት።"

"ዛሬ ካልገባ እንቁላሎቹን ጣላቸው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሃምሳ ዓመት ወፍ አረባሁ" አለ፣ "ወልዳለች ብሎ ባሏን የሚያስወጣ ሰው አይቼ አላውቅም! ምን ብዬ ልንገርህ?"

ስልኩን ዘጋሁና እምዬ ዘንድ ሄድኩ። ነገርኳት።

"አይሆንም" አለች።

"እምዬ፣ ይሞታሉ።"

"አይሞቱም። እኔ ስንት ወልጀ አልሞትኩም።"

"ወፍ እኮ ናት!"

"ወፍ ትሁን። ቤቴ ውስጥ ናት። ቤቴ ውስጥ ሕግ አይፈርስም።" ፊቷን አዞረች። "አንዴ የፈረሰው ይበቃል" አለች።

የመጨረሻዋን ነገር ልብ አላልኳትም። እኔ የማየው ሰዓቱን ነበር። ሰንበት ከገባች በኋላ እምዬ ቤት ወፍ መያዝ፣ በር መክፈት፣ ሳጥን ማንሳት የለም፤ እስከ ቅዳሜ ማታ ሁሉም ባለበት ይቆያል። እስከዚያ አምስቱም ድንጋይ ይሆናሉ።

ደብቄ ማስገባት አልችልም ነበር? እችላለሁ! ሱቅ እስክትወርድ መጠበቅ ነው። ግን እኔ ያን አላደርግም። ገና እሱ ቤት ስኖር አባቴ "ከዚህ ቤት ይውጣ" ባለኝ ጊዜ በሩ ላይ ቆማ "እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ" ያለችው ማን ናት? እሷን አታልዬ ጫጩት ባወጣ ምን ያደርግልኛል?

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሕጉ የማን ነው? የቄስ ነው። ቄስ ይምጡ!

ቄስ አድማሱ ከኛ ሁለት ሕንፃ አልፈው ነው የሚኖሩት። ሮጥኩ። ለሰንበት ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ቄስ፣ የሕግ ጥያቄ አለኝ።"

ደስ አላቸው። "ልታገባ ነው?"

"አይደለም። ስለ ወፍ ነው።"

ነገርኳቸው። ስጨርስ ያባርሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን "አስካለ ናት ወንዱን የለየችው?" አሉ። "አዎ" አልኩ። ትንሽ አሰቡና በትራቸውን አነሱ።

ሊፍቱ ተበላሽቷል። በእግር ወጣን፣ እኔ ከኋላ፣ ቢወድቁ ልቀበላቸው። አንደኛ ፎቅ ላይ በር ተከፈተ። ዓርብ ከሰዓት ቄስ እየሮጡ ሲመጡ ሰው ምን ያስባል?

"ማን ሞተ?" አለች ወይዘሮ ብርሃኔ፣ እጇ ሊጥ እንደያዘ።

"ገና ማንም አልሞተም፣ ለዚያ ነው የምንቸኩለው" አልኳት።

ሁለተኛ ፎቅ ላይም "ማን ሞተ?" ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ከኋላችን ስድስት ሴቶችና አንድ ሞሮኮአዊ ጎረቤት አሉ። እሱ ለቅሶ መስሎት ኪፓ ቆቡን አስተካክሎ ነው የመጣው።

እምዬ ቄሱን ስታይ ከወንበሯ ተነስታ ጎንበስ አለች። እኔን ያየችኝ አስተያየት ግን፣ እሱን ለጠላቴም አልመኝ።

ቄስ አድማሱ በረንዳው ላይ ወጡ። ጠጠሮቹን አዩ። ሳህኑን አዩ። ሴቷን ወፍ፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ ያለውን ወንዱን አዩ። ሁለቱም ይጣራሉ።

"አስካለ" አሉ፣ "ሕጉ የተሰጠው ለእኛ ነው። ወፍ አልተሰጣትም።"

"አውቃለሁ ቄስ። ለእኔ ግን ተሰጥቶኛል። ቤቱም የኔ ነው።"

እኔ አለቀልን አልኩ። በመስኮቱ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ወርዳለች። እሳቸው በትራቸው ላይ ተደግፈው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ሱዳን ላይስ?" አሉ።

እምዬ ደነገጠች። "ቄስ!"

"እኔ እኮ የጎናችሁ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ፣ አስካለ።"

ሴቶቹ ሁሉ ጠጋ አሉ። ሞሮኮአዊው አማርኛ አይችልም፣ እሱም ጠጋ አለ። እምዬ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። መሬት መሬት እያየች ነው የተናገረችው።

"የዚህ ልጅ አባት የተወለደው እዚያ ነው፣ ወደዚህ ስንመጣ ያረፍንበት የስደተኛ ካምፕ ውስጥ። ጎጆ ቢሠሩልኝ፣ ለብቻ ቢያስቀምጡኝ፣ አይሁድ መሆናችን ይታወቅብን ነበር። እና ከታረቀኝ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ ወለድኩ። ትኩሳት ጣለኝ። ልጁን መያዝ አቃተኝ፣ እጀ አይታዘዝም። ታረቀኝ ጋቢው ውስጥ፣ ከገላው ጋር አድርጎ ያዘው። ቀንም ሌሊትም። ለጡት ብቻ ያቀርብልኛል፣ ከዚያ መልሶ ይወስደዋል። ሰው ሲመጣ ያፍራል፣ ፊቱን ወደ ሸራው ያዞራል። እዚህ ስንገባ 'ለማንም እንዳትነግሪ' አለኝ። አልነገርኩም። ሕግ አፍርሰናል ብየ እስከዛሬ ..."

አልጨረሰችውም።

"ልጁ ኖረ?" አሉ ቄስ።

"ኖረ።"

"የዚህ አባት እሱ አይደል?" በበትራቸው እኔን አሳዩ።

"እሱ ነው።"

"እንግዲያማ" አሉ። ፀሐይዋን አዩ። "ሰንበት ልትገባ ነው፣ ልሂድ።"

በቃ። ሌላ ፍርድ አልሰጡም። ደረጃው ድረስ ልሸኛቸው ስል "አንተ እዚያው ሁን፣ ይፈልጉሃል" አሉኝ።

እኔን ግን የፈለገ የለም። እምዬ ተነሳች። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ለቅማ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ወደ ማሽኑ ሄዳ ትንሿን ሳጥን ራሷ አመጣች። በርን ከበር ጋር አጋጥማ ሁለቱንም ከፈተች። ማን እንዳሳያት አላውቅም። እኔ ስሠራው አይታ ይሆናል።

ወንዱ መጀመሪያ አልወጣም። ከዚያ ዘለለ። መቆሚያው ላይ ቆሞ ላባውን አራገፈ፣ አንዴ ጮኸ፣ ቀጥ ብሎ ጎጆው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሴቷ ወርዳ መብላት ጀመረች። እንዴት እንደበላች ብታዩ!

ወይዘሮ ብርሃኔ "እልል!" ልትል አፏን ስትከፍት እምዬ ዞረችባት። "ዝም በይ አንች! ታቅፏል!"

ከዚያ ሽቦው ላይ ግንባሯን አስጠግታ ጎጆውን አየች። "ወይ ታረቀኝ" አለች። ለእኛ አይደለም የተናገረችው።

ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ከሥራ ስገባ እምዬ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። "ግባ፣ ቀስ ብለህ ግባ" አለችኝ። ሦስት ጫጩት። ላባ የሌላቸው፣ የሚያስጠሉ፣ አፋቸው ብቻ የሆኑ። ሁለቱ እንቁላል አልተፈለፈሉም። እሽ አሸር፣ አምስት ብዬ ነበር፣ ሦስት ሆነ። ሹሩባዬ ግን ራሴ ላይ ነው፣ ና ጎትተው።

አባቴ ወሬውን ከሌላ ሰው ሰማ። በሚቀጥለው ቀን ከነሥራ ልብሱ መጣ። ወፎቹ ፊት ቆመ። ወንዱ ገብቶ ጫጩቶቹ ላይ ሲቀመጥ አየ። በጣም ቆየ። ሲሄድ ወደ እኔ ዞሮ "ይሄ ምንድን ነው የሚበላው?" አለኝ። በሳምንቱ ትልቅ ጆንያ ዘር ተሸክሞ ሦስት ፎቅ ወጣ። የጀመርከውን ጨርሰህ ታውቃለህ ያለኝ ሰው እሱ ነው እንግዲህ።

አሁን ሳስበው ምን ይሰማኛል? ኩራት ነዋ! ናታንያ ውስጥ ፊንች የሚያረባ ብዙ ይኖራል፤ እንደ እኔ ግን ቄስ አስጠርቶ ያፈለፈለ አንድም የለም። ያን ዓርብ ዝም ብዬ ደብቄ ብከፍተው ኖሮ ጫጩቶቹ ይኖሩኝ ነበር፣ ምናልባት አምስቱም። እምዬ ግን ያን ነገር እንደያዘችው ትኖር ነበር። ሁለት እንቁላል ለዚህ ይሂድ።

ያላመነ ይሂድና ይጠይቅ። ቄስ አድማሱን ጠይቁ፤ ከሁለተኛው ዙር አንድ ጥንድ ሰጥቻቸዋለሁ፣ በራቸው ላይ ሲንጫጩ ታገኟቸዋላችሁ። "ማን ሞተ" ብለው የወጡትን ሴቶች ጠይቁ። ቦሪስን ጠይቁ፣ ግን ስሜን ስታነሱ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። እምዬን ጠይቋት። ድሮ ለማንም የማትለውን አሁን ወንበር ስባ አስቀምጣችሁ፣ ወንዱን ወፍ በጣቷ እያሳየች ራሷ ትነግራችኋለች። ሊፍቱ እስካሁን አልተሠራም፣ በእግር ነው የሚወጣው።

አሸር፣ አንተ ቅደም።